በመነጽር ቤት የግማሽ ባለቤትነት፦ የስድስት ዓመት ሽርክና ሲገመገም

በእንግሊዝ ከተሞች ዋና የገበያ ጎዳና ላይ መነጽር ቤት አይጠፋም። በሩ ላይ የተሰቀለው ስም በመላው አገር የሚታወቅ የትልቅ ድርጅት ስም ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ሱቁ ለብቻው የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ ከአክሲዮኑ ግማሽ ያህሉን የያዙትም እዚያው ውስጥ ዓይን ሲመረምሩና ፍሬም ሲያስተካክሉ የሚውሉት ባለሙያዎች ናቸው። እኔም መነጽር ለክቶ የማዘጋጀት ፈቃድ ያለኝ ኦፕቲሺያን ስሆን፣ እንዲህ ባለ አንድ ሱቅ ውስጥ ለስድስት ዓመታት በሽርክና ሠርቼ ድርሻዬን ሸጬ ወጥቻለሁ። እዚህ የምገመግመው መነጽሩን ሳይሆን ሽርክናውን ነው። የገባሁበትን ድርጅት ስም አልጠቅስም።

ይህን አሠራር በብሪታንያ በስፋት ያስለመደው፣ ሁለቱም ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን የሚመረምሩ ባለሙያዎች) የሆኑት ዳግ እና ሜሪ ፐርኪንስ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1984 በገርንዚ ደሴት የመሠረቱት ስፔክሴቨርስ ነው። ወቅቱ የተመቸ ነበር፤ መንግሥት በመነጽር ሽያጭና ማስታወቂያ ላይ የነበረውን ጥብቅ ገደብ ያላላው በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም በየራሳቸው መልክ ተከትለዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባለሙያው ሱቁን ይይዛል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ግዢውን፣ ማስታወቂያውን፣ የደመወዝ ሥራውንና የሒሳብ መዝገቡን ይይዛል። ባለሙያው የማይወዳቸውን ሥራዎች ሌላ ሰው ስለሚሠራለት ሐሳቡ ያጓጓል፤ እኔንም ያጓጓኝ ይኸው ነበር።

የመግቢያው ሒደት ለወራት የዘለቀ ቢሆንም በሥርዓት የተመራ ነበር። ቃለ መጠይቁ፣ የንግድ ዕቅዱና ሥልጠናው በቅደም ተከተል አለፉ። ስለ ሽያጭና ስለ ሠራተኛ አያያዝ ያገኘሁት ትምህርት ጥሩ ነው፤ የኩባንያን ሒሳብ ስለ ማንበብ የተሰጠን ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ይህም የወጪ ቆጣቢነት ምልክት ይሁን የሌላ ነገር ዛሬም አልገባኝም። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው የሚከፍለው ለዕቃውና ለመሣሪያው ሲሆን፣ እኔ እንዳደረግሁት የቆየ ሱቅ የሚረከብ ግን ከዚያ በላይ ለመልካም ዝናው ይከፍላል። የዝናው ዋጋ የሚሰላው ካለፉት ዓመታት ትርፍ ስለሆነ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች በብርታታቸው ያመጡትን ትርፍ እኔ በብድር ገዛሁት ማለት ነው። ብድሩ የተገኘው በድርጅቱ አማካይነት በመሆኑ ሒደቱ በፍጥነት አልቋል። ከወረቀቱ ክምር መካከል ግን በግል ዋስትና የፈረምሁበት ገጽ ነበር፤ በኃላፊነቱ የተወሰነ የሚባለው ኩባንያ ለእኔ የተወሰነ መሆኑ ያበቃው በዚያ ገጽ ላይ ነው።

ስለ ሽርክናው አጥብቆ መጠየቅ የሚገባው ነገር የአገልግሎት ክፍያው የሚታሰብበት መሠረት ነው። በእኛ ውል ዋናው መሥሪያ ቤት የሚወስደው ድርሻ የሚታሰበው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነበር። ልዩነቱ በጥሩ ወር አይታወቅም። ኦፕቶሜትሪስት ታሞ የምርመራ ክፍል አንድ ሳምንት ተዘግቶ በቆየበት፣ ኪራዩና ደመወዙ ግን ባልቀነሰበት ወር ሱቁ ከስሮ እንኳን የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሳይጓደል ወጣ። ሁለተኛ መነጽር በነጻ የሚሰጥበት ዘመቻ ሲታወጅም ማስታወቂያውን የሚወስነው ማዕከሉ፣ ማለትም ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሲሆን፣ የሁለተኛው መነጽር ሌንስና ፍሬም የሚመዘገበው በሱቁ ወጪ ነው። ዘመቻው ሰው ያመጣል፣ ይህን አልክድም፤ ነገር ግን ሽያጭ ሲያድግ ደስ የሚለውና ትርፍ ሲያድግ ደስ የሚለው ወገን አንድ አልነበሩም።

ከዚህ በታች ደግሞ የሙያው የራሱ ሒሳብ አለ። በእንግሊዝ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች፣ 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች፣ የስኳር ወይም የግላኮማ ሕሙማን እና ሌሎች የተወሰኑ ወገኖች የዓይን ምርመራ ወጪያቸውን የሚከፍልላቸው የጤና አገልግሎቱ፣ ኤን ኤች ኤስ፣ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ምርመራውን ለሁሉም በነጻ አድርጋለች፤ የክፍያ ሥርዓቷም የተለየ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በእኔ ዘመን ለአንድ ምርመራ የሚከፈለን ከ20 ፓውንድ ጥቂት የሚያልፍ ነበር፤ ይህ የባለሙያውን የግማሽ ሰዓት ደመወዝ፣ የክፍሉን ኪራይና የመሣሪያውን ዋጋ አይሸፍንም። ስለዚህ ምርመራው የሚኖረው መነጽሩ ሲሸጥ ነው። ሕጉ ደግሞ ምርመራው እንዳለቀ የመነጽር ማዘዣው ለታካሚው እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ እርሱም ወረቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ሱቅ ወይም ወደ ኢንተርኔት ሻጭ መሄድ መብቱ ነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ እኔም ታካሚ ብሆን የምፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሱቅ የሚገዛ ሰው በቀን ስንት ሰው እንደተመረመረ ከመጠየቁ በፊት፣ ከተመረመሩት ውስጥ ስንቱ እዚያው መነጽር እንዳዘዘ ይጠይቅ። በነገራችን ላይ የተጨማሪ እሴት ታክሱም ቀላል አይደለም፤ በአንድ መነጽር ዋጋ ውስጥ ዕቃው ታክስ ሲከፈልበት የመለካትና የማዘጋጀቱ አገልግሎት ከታክስ ነጻ ስለሆነ፣ ዋጋው በየጊዜው ለሁለት ተለይቶ መታሰብ አለበት። ማዕከሉ ይህን ሥራ እንከን በሌለው ሁኔታ ሠርቶልናል፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አብድ ነበር።

ባለቤትነት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በሒሳብ መዝገብ ሳይሆን በአንድ ቅዳሜ ነው። አንድ አዛውንት ከሁለት ሳምንት በፊት የወሰዱትን ፕሮግሬሲቭ መነጽር (አንዱ ሌንስ ከላይ ለሩቅ፣ ከመካከል ለመካከለኛ ርቀት፣ ከታች ለቅርብ የሚያገለግልበት) ይዘው መጡ። «ደረጃ ስወርድ መሬቱ ይንሳፈፍብኛል፤ ቴሌቪዥን ለማየት አገጬን ደረቴ ላይ መለጠፍ አለብኝ» አሉኝ። መነጽሩን አድርገው ፊት ለፊቴ እንዲቀመጡ አድርጌ፣ በሌንሱ ላይ የብሌናቸውን ቦታ በስስ ብዕር ነጠብሁ። ሌንሱ ሲታዘዝ የተለካው ከፍታ ከዚህ በአራት ሚሊሜትር ይበልጥ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው፦ አዲስ ሠራተኛችን ልኬቱን የወሰደው ፍሬሙ ገና አፍንጫቸው ላይ ተንሸራቶ እያለ ነው፤ መነጽሩ ሲረከቡት ግን ሌላ ሰው የአፍንጫ ማሳረፊያውን አጥብቦ ፍሬሙን ወደ ላይ አነሣው። በዚህ ጊዜ ለመካከለኛ ርቀት የተሠራው የሌንሱ ክፍል ብሌናቸው ፊት ወጥቶ ቆመ። መጀመሪያ ፍሬሙን ማስተካከል፣ ቀጥሎ መለካት የዚህ ሥራ ሀሁ ነው።

ሌንሶቹ እንደገና ተሠሩ፣ እርሳቸውም ረክተው ሄዱ። ወጪው ግን የሱቁ ነበር፤ ለሁለቱም ጥንድ ሌንሶች ሒሳቡ ወደ እኛ መጣ። ተቀጣሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያሳፍረኝ ብቻ ነበር። በዚያን ዕለት ማታ ግን የዓመቱን ድጋሚ ሥራዎች ዝርዝር አወጣሁና ከየትኛው ሠራተኛ እጅ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት ሌንስ ላይ እንደወጡ መቁጠር ጀመርሁ። አብዛኛው የቅዳሜ ሆኖ ተገኘ፤ በሰዓት የያዝነው ቀጠሮ ልኬት ከሚወስዱት ሠራተኞች ቁጥር ጋር አይመጣጠንም ነበርና። የቅዳሜውን ቀጠሮ ቀነስን፣ ሽያጩ ትንሽ ወረደ፣ ትርፉ ግን አደገ። ከማዕከሉ የመጣው ወርኃዊ ሪፖርት የጠቀሰው የሽያጩን መውረድ ብቻ ነበር።

ለሽርክናው የሚሰጠውን ምስጋና ግን መንፈግ አይገባም። ኦሲቲ የተባለውን የሬቲናን ንብርብሮች የሚያሳይ መሣሪያ ብቻውን የቆመ ትንሽ መነጽር ቤት በቀላሉ አይገዛውም፤ እኛ ግን በቡድን ዋጋ አገኘነው። የማንበቢያ መነጽር ፈልገው መጥተው የዓይን ነርቫቸው የተጎዳ መሆኑ ታይቶ በጊዜ ወደ ሆስፒታል የተላኩ ሰዎች ነበሩ። በሙያ ጉዳይም ማዕከሉ እጁን አላስገባም፤ ኦፕቶሜትሪስቷ ባልደረባዬ ምርመራው ረዘም እንዲል ስትወስን የጠየቃት አልነበረም። ባለሙያ የሚጠየቀው ሙያውን በሚቆጣጠረው በጠቅላላ የኦፕቲካል ምክር ቤት ፊት በግሉ ስለሆነ፣ ይህ ነጻነት ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

ከባልደረባ ጋር ያለውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እርሷ የምርመራውን ክፍል፣ እኔ ደግሞ የሽያጩን ወለል ይዘን ስድስት ዓመት ያለ ጠብ ሠርተናል፤ ሁለታችንም ከመፈረማችን በፊት ማን ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ የትርፍ ድርሻ መቼ እንደሚወጣ እና አንዳችን ብንታመም ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጠን ስለነበር ነው። ድርጅቱ እንድናደርገው አልጠየቀንም።

የቅሬታዬ ትልቁ መውጫው ላይ ነው። አክሲዮኔ የእኔ ቢሆንም ለፈለግሁት ሰው መሸጥ አልችልም ነበር፤ ገዢው የድርጅቱን ይሁንታ ማግኘት፣ ዋጋውም በውሉ በተቀመጠው ቀመር መሰላት ነበረበት። ቀመሩ ያለፉትን ዓመታት ትርፍ ስለሚመለከት፣ በወጣሁበት ዓመት የታደሰው የምርመራ ክፍል ገና ትርፍ ሳያመጣ ወጪው ብቻ በዋጋዬ ላይ ታየ። ይሁንታው እስኪመጣም ሰባት ወር ጠበቅሁ፤ በእነዚያ ወራት የግል ዋስትናዬ አልተነሣልኝም። ከወጣሁም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በአካባቢው ሌላ መነጽር ቤት እንዳልከፍት ውሉ ያግደኝ ነበር። ይህ ሁሉ ስፈርም በእጄ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። ያነበብሁት ግን መግቢያውን እንጂ መውጫውን አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ሽርክና ለማን እመክራለሁ? በሱቁ ውስጥ ራሱ መዋል ለሚፈልግ፣ ከልኬቱና ከምርመራው ጋር ሠራተኛ መምራትን ለሚወድ ባለሙያ እመክራለሁ። ገንዘቡን አስቀምጦ ከሩቅ ትርፍ ለመሰብሰብ ለሚያስብ ወይም በስምና በዋጋ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለሚፈልግ ግን አልመክርም፤ እርሱ የራሱን ትንሽ መነጽር ቤት ቢከፍት ይሻለዋል። የቆየ ሱቅ የሚረከብ ደግሞ በማዕከሉ ከሚዘጋጀው ማራኪ ማጠቃለያ ውጭ አራት ነገሮችን በእጁ ይያዝ፦ የሦስት ዓመት የድጋሚ ሥራ ዝርዝር፣ የኪራይ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ የምርመራ መሣሪያዎቹ የተገዙበት ዓመት እና የአክሲዮን መሸጫው ቀመር ባለፈው ዓመት ቁጥር ተሰልቶ። የመጨረሻውን እኔ የጠየቅሁት በአምስተኛው ዓመት ነው፤ የሒሳብ ባለሙያዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ሰጠኝ።