ለቴሌቪዥንም ለኮምፒውተርም የሚሆን አንድ ስክሪን፦ ባለ 32 ቴሌቪዥን፣ ባለ 43 ቴሌቪዥን ወይስ ባለ 27 ሞኒተር?

በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቀን የሚሠራበትንና ማታ ዜና ወይም ኳስ የሚያይበትን ስክሪን ለየብቻ ለመግዛት ቦታውም ገንዘቡም ላይበቃው ስለሚችል፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ስክሪን መፈለጉ ተገቢ ነው። ለዚህ ዓላማ በብዛት የሚታሰቡት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ባለ 43 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥንና ባለ 27 ኢንች ሞኒተር ናቸው። በእኔ እምነት ሦስቱ መመዘን ያለባቸው በሚያሳዩት ፊልም ሳይሆን በሚያሳዩት ጽሑፍ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል ከሦስት ሜትር ሲታይ የስክሪኑ ጉድለት ብዙም አይታወቅም፣ ጽሑፍ ግን ከ70 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁሉንም ያጋልጠዋል።

ዋጋቸው ዝቅ ያለ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ 1366 በ768 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ያላቸው በመሆኑ በአንድ ኢንች 49 ገደማ ፒክስል ይደርሳቸዋል፤ ተራ ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ (1920 በ1080) የቢሮ ሞኒተር እንኳ 92 ገደማ አለው። በደቃቁ የተጻፈ አማርኛ በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ሲነበብ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ የሚለይባት ትንሽ ሰረዝ ከፊደሉ አካል ጋር ትደባለቃለች። ሻጩ «ፉል ኤችዲ ይቀበላል» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የተቀበለውን 1080 መስመር ወደ 768 ጨምቆ ያሳየዋል። ለሥራ አልመክረውም።

ባለ 43 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን 3840 በ2160 ፒክስል ስላለው በአንድ ኢንች 102 ገደማ ይደርሳል፤ በትክክል ከተስተካከለ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ማስተካከሉ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ (የምስልና የድምፅ መሰኪያው) የቆየው 1.4 ሥሪት ከሆነ ፎርኬን የሚያስተላልፈው በ30 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ምስል ብቻ በመሆኑ ማውሱ ከእጅ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ለ60 ኸርዝ 2.0 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ብዙ ቴሌቪዥኖች ለፊልም ሲሉ የቀለሙን መረጃ ስለሚቀንሱ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ጠርዙ ይቀልጣል። መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ኮምፒውተር እንደተገናኘው እንዲያውቅ ማድረግ ነው፤ በሳምሰንግ ገመዱ የተሰካበትን መግቢያ ስም ወደ ፒሲ መቀየር፣ በኤልጂ የፒሲን ምልክት መምረጥ ይጠይቃል። ሻርፕነስ የሚባለውንም ዝቅ ማድረግ በፊደሎች ዙሪያ የሚታየውን ነጭ ጥላ ያጠፋል። የማይስተካከለው ስፋቱ ነው፤ 95 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋን ስክሪን ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አቅርቦ ቀኑን ሙሉ መሥራት አንገትን ያደክማል።

ባለ 27 ኢንች ሞኒተር 2560 በ1440 ከሆነ በአንድ ኢንች 109 ገደማ ፒክስል አለው፤ ያው 27 ኢንች በፉል ኤችዲ ሲሆን ግን ወደ 82 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ሲያርፍ ሞኒተሩም አብሮ ይጠፋል። ሞኒተር በአብዛኛው ቻናል መቀበያ የለውም፤ እኛ ግን በብዛት የምናየው በዲሽና በሪሲቨር ስለሆነ የሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ በቀጥታ መሰካት ይበቃል። ሪሲቨሩ ያለው ባለ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ከሆነ መቀየሪያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ ሞኒተሮች ድምፅ ማጉያ የላቸውም፤ ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ተመርጦ ስፒከር ይሰካበታል፣ ወይም ድምፁ ከሪሲቨሩ ቀይና ነጭ መውጫ ይወሰዳል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ከሆነ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ አስቀድሞ ይነበብ፤ እዚያ ከሚሸጡ ቴሌቪዥኖች መካከል ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስላሉ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላሉ።

ቀኑን በጽሑፍ ለሚያሳልፍና ማታ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚያይ ባለ 1440ውን ሞኒተር እመርጥለታለሁ። ልጆችና እንግዳ ባሉበት ቤት፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠራና ከስክሪኑ አንድ ሜትር ያህል መራቅ ለሚችል ግን ባለ 43ቱ ይሻላል። የትኛውም ቢመረጥ ገዢው የራሱን ላፕቶፕና ገመድ ይዞ ሱቅ ይሂድ፤ አንድ ገጽ አማርኛ በሚሠራበት የፊደል መጠን ከፍቶ፣ ጥቂቱን ቀይ በሰማያዊ ላይ አድርጎ፣ በሚቀመጥበት ርቀት ያንብበው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመው ሌላ ሱቅ ይሞክር።