ሰማያዊውን የቆረጠብኝ የፒያሳ ባነር ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ባነር ቤቶች በአንዱ ለፊዚክስ ክፍሌ ግድግዳ ስዕል አሳተምኩ። ሁለት ጊዜ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ሸጋ ናቸው።

ስዕሉ «ጥይት» የሚሉት የጋላክሲ ክላስተር (በስበት የተያያዙ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስብ) ነው፤ ከእኛ 3.7 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ክላስተሮች ተላትመው ሲተላለፉ ነው። ሮዙ ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በኤክስሬይ ያነሳው የጋለ ጋዝ ነው። ሰማያዊው ደግሞ ጨለማ ቁስ ያለበት ቦታ፤ ራሱ አይታይም፣ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ሲያጎብጥ ነው የተደረሰበት።

ዲዛይነሩ «አብሽር ቲቸር፣ ነገ ጠዋት ይደርሳል» አለኝ። ደረሰም። ስዘረጋው በቀኝ በኩል ያለው ሰማያዊ የለም!

«ሮዙ መሃል እንዲውል ጠርዙን ቆረጥኩልህ፤ ትንሽም አደመቅኩት» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

ተናደድኩ፤ ግን መምህር ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። «ጥርጊያ መንገድ ላይ ሁለት አይሱዙ ሲተላለፉ አይተሃል? መኪኖቹ ያልፋሉ፣ አቧራቸው ግን ተጋጭቶ መሃል ይቀራል።» ጋላክሲዎቹ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ስላለ ሳይነካኩ ያልፋሉ፤ ጨለማው ቁስም እንደዚያው። ጋዝ ከጋዝ ጋር ግን ይገፋፋል፣ ይዘገያል። ሰማያዊው ቀድሞ ሮዙ ወደ ኋላ የቀረው ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች በ2006 ለጨለማ ቁስ መኖር ቀጥተኛ ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ይህንኑ መለያየት ነው። ልጁ በመቁረጫው ያስወገደውም እሱኑ።

ማድመቁም ጎድቶኛል። በቀኝ በኩል ጥይት የሚመስል የሮዝ ጋዝ አለ፤ የክላስተሩ ስም ከእሱ ነው። ከዚህ ጥይት ሹል ጫፍ ፊት ለፊት ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ደጋን የጎበጠ መስመር አለ። ሾክ ዌቭ ነው፣ ከድምፅ በላይ የሚፈጥን ነገር ከፊቱ የሚገፋው የግፊት ሞገድ፤ በዚያ ጋዝ ውስጥ ድምፅ ከሚጓዝበት 3 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ያ ሞገድ ያለፈበት ጋዝ ተጨምቆ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። ጥይቱ ራሱ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው (ቀዝቀዝ ስል በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ ነው እንግዲህ)። ሲደምቅ የጥይቱና የሞገዱ ጠርዞች ተለውሰው አንድ ሆኑ፤ ለተማሪ ምን ብዬ ላሳይ?

ድጋሚውን በግማሽ ዋጋ ሠሩልኝ፤ ሻይም ጋበዙኝ። ሁለተኛው ህትመት እንከን የለውም። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ያሳተምኩት ሰማይ አረንጓዴ መስሎ ነበር የወጣው። የማንጠልጠያው ቀለበት ብቻ አንዱ ጠሟል።

ለምትሄዱ፦ ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። ከመታተሙ በፊትም ስክሪኑ ላይ አብራችሁ እዩት። «ምንም እንዳትነካ» ማለት እዚያ ቤት ነውር አይደለም።

ቀጣዩ ትዕዛዜ የፐርሲየስ ክላስተር ነው። እዚያ ጋዙ እንደ ጥይቱ አልተበጠሰም፤ ሌላ ክላስተር በአጠገቡ ሲያልፍ ስለነቀነቀው፣ እንደተነካ የሻይ ብርጭቆ እየዋለለ ጠመዝማዛ ሠርቷል። ለልጁ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ፤ ጠመዝማዛውን እንዳያቃናብኝ።