«ከ424ቱ የመጨረሻዋ» እየተባለች የምትሸጠውን ሰማያዊ ሱባሩ ተጠንቀቁ

አዳማ ላይ መኪና የምታፈላልጉ፣ በተለይ ለየት ያለ ነገር የምትወዱ፣ ይህን አንብቡ። ሰማያዊ፣ ሁለት በር፣ ወርቃማ ቸርኬ ያላት ሱባሩ ኢምፕሬዛ በደላሎች እጅ እየዞረች ነው። «ሱባሩ 22ቢ ናት፤ ተቆጥራ የተሠራች፤ ኦሪጅናል ቱርቦ» ይሏችኋል። አይደለችም። ቀብድ እንዳትከፍሉ።

የሰፈሬ ልጅ ከፍሏል። «እስቲ ና እያት» ብሎ የጠራኝ ከከፈለ በኋላ ነው። ስንት እንደከፈለ አልናገርም። የተጠየቀው ሙሉ ዋጋ ግን ሁለት ደህና ቪትዝ ይገዛል፤ ለቤንዚንም ይተርፋል። የቤንዚንና የናፍታ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ከቆመ ወዲህ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አይገባም» የሚለው ማባበያ ብዙ ሰው ይጥላል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚጥለው።

ሻጩ በመጀመሪያ የሚያሳየው መኪናዋን አይደለም። ማህደር ነው የሚያወጣው። ወፍራም ነው፣ ባለ ቀለም ፎቶ አለው፣ ላዩ ላይ «የምርት ታሪክ» ተብሎ ተጽፏል። ማህተምም አለው። የማን ማህተም እንደሆነ አይነበብም። ግን አለ፤ ማህተም ስናይ ደግሞ እንዴት እንደምንለሰልስ ይታወቃል።

ፎርጅድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ማህደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ግን ትክክል ነው። 22ቢ የምትባል መኪና በእርግጥ አለች። ሱባሩ መኪና መሥራት የጀመረበትን 40ኛ ዓመት እና በዓለም ራሊ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በተከታታይ ያገኘውን የአምራቾች ዋንጫ ምክንያት አድርጎ ያወጣት ናት። ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በማርች 1998 ነው። ለጃፓን 400 ተሠሩ፤ ወዲያው ተሸጠው አለቁ። በኋላ 16 ለእንግሊዝ፣ 5 ለአውስትራሊያ ተጨመሩ። ሦስት የሙከራ መኪኖችም ነበሩ፤ አንዷ የራሊ ነጂው የኮሊን ማክሬ ነበረች። ሲደመር 424 ነው።

ውሸቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መኪናዋ ውስጥ የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ «424/424» ትላለች። ሻጩ በኩራት «የመጨረሻዋ ናት» ይላል። የጃፓኖቹ ሰሌዳ ግን የሚቆጥረው ከ400 ነው። 424 የሚለው ቁጥር ወዳጆቿ በኋላ ደምረው ያገኙት ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ 400 ብሎ ሸጦ ሲጨርስ እንግሊዝና አውስትራሊያ ገና አልታሰቡም ነበር። ታዲያ 424 የሚል ሰሌዳ ማን ቀረፀው? ኢንተርኔት ላይ ያነበበ ሰው ነው። እንዲህ ያለች ሰሌዳ ማስቀረፅ ደግሞ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ሁሉ የሚችለው ነገር ነው።

ማህደሩ የምርት ዘመኗን 1996 ይላል። ለምን 1996? ታሪኩን ከኬንያው ሳፋሪ ራሊ ጋር ለማገናኘት ነው። «ለሳፋሪ ተሠርታ፣ በሞያሌ በኩል የገባች» ይላሉ። የሰፈሬን ልጅ የበላው ይሄ ነው። ራሊ ነፍሱ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት መሪውን ነው። በግራ ነው። 22ቢ የተሸጠችው በጃፓን፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ነው። ሦስቱም አገር መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። ኬንያም እንደዚያው። ከፋብሪካ የወጣች በግራ መሪ ያላት 22ቢ የለችም። ይህን ለደላላው ስነግረው ፍንክች አላለም። «የራሊ መኪና ስለሆነች ነው የኔ ወንድም፣ የራሊዎቹ በግራ ናቸው» አለኝ። ልብ በሉ፣ መልሱ ሞኝ አይደለም። በግራ መሪ የተሠሩ የራሊ ኢምፕሬዛዎች ነበሩ።

ግን የራሊዋ መኪናና 22ቢ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። የራሊዎቹን እንግሊዝ አገር ፕሮድራይቭ የሚባል ድርጅት ነበር የሚያዘጋጃቸው። ውስጣቸው በብረት ቱቦ የታጠረ ነው፤ የኋላ ወንበር የላቸውም። ሞተራቸው በውድድሩ ደንብ ምክንያት ከ2 ሊትር አይበልጥም። 22ቢ ግን 2,212 ሲሲ፣ ማለትም 2.2 ሊትር ያህል ናት፤ የመንገድ መኪና ስለሆነች ደንቡ አያግዳትም። ማክሬ ሳፋሪን በኢምፕሬዛ ያሸነፈውም በ1997 ነው፣ በ1996 አይደለም። ስለዚህ አንድ መኪና 22ቢም የራሊ መኪናም ልትሆን አትችልም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አልኩት። ስልክ ተደወለለት፤ ወጣ።

ሊብሬውን ስጡን ስንል ኮፒ ሰጡን። ዋናው «ባለቤቷ ጋ ነው»። ኮፒውም በቃን። ሲሲ የሚለው ቦታ ላይ 2457 ተጽፏል። 22ቢ ብትሆን 2212 ነበር የሚለው። የሻንሲው ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ሲጀምር «ጄኤፍ1ጂኤም» ይላል። ለጃፓን ገበያ የሚሠሩ መኪኖች እንዲህ ረጅም ቁጥር የላቸውም። የ22ቢ አጭር ነው፣ በ«ጂሲ8» ይጀምራል፤ ከዚያ ሰረዝና ተራ ቁጥር ይከተላል። የ17ቱ ዓይነት ቁጥር ላይ ደግሞ አሥረኛዋ ምልክት የሞዴል ዘመን ናት፦ «ደብልዩ» 1998፣ «ኤክስ» 1999፣ «ዋይ» 2000። የዚህችኛዋ «ኤክስ» ናት። ማህደሩ 1996 ይላል፣ ሻንሲው 1999።

ምን ናት ታዲያ? ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ኢምፕሬዛ 2.5 አርኤስ። ሁለት በር፣ በግራ መሪ፣ 2.5 ሊትር ሞተር፣ ያለ ቱርቦ። ደህና መኪና ናት፤ እኔም በልኳ ዋጋ ባገኛት አልጠላትም። ኮፈኗ ላይ አየር ማስገቢያ የሚመስል ጉብታ ስላለ ቱርቦ ያላት ትመስላለች። ጉብታው ጌጥ ነው። ቱርቦ ባላቸው ኢምፕሬዛዎች ግን በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አየር ከሥሩ ያለውን ኢንተርኩለር ያቀዘቅዛል። እንደ ትንሽ ራዲያተር ያለ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ሞተሩ ላይ ተኝቶ ታዩታላችሁ። ኮፈኑን ስታነሱ እሱ ከሌለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሻጩ ኮፈኑን ማስነሳት አይፈልግም። «ሞተሩ ግሏል፣ ቆይ ይብረድ» ይላል። በምትኩ አስነስቶ ነዳጅ ይረግጣል፤ ፉጨት ይሰማል። «ሰማህ? ቱርቦው ነው።» አብረውን የመጡት መካኒክ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከኋላ ጎንበስ አሉ። ማርሚታው ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ብሎን የታሰረች ትንሽ የአሉሚኒየም ፊሽካ ፈትተው አወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በርካሽ ይሸጣል፤ ጭሱ ሲያልፍባት ታፏጫለች። ጋሼ ፊሽካዋን ለደላላው ሰጡትና «ያንተ ቱርቦ» አሉት። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የሰፈሬ ልጅ ግን አልሳቀም፤ እንዴት ይሳቅ።

ፊሽካ ባይኖርም በመንዳት መለየት ይቻላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አዲስ አበባ ስትወጡበት ይብስበታል። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። እውነተኛዋ 22ቢ 280 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተመዘገበች፣ ክብደቷ ከ1,300 ኪሎ በታች የሆነች መኪና ናት። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስትረግጧት ወንበሩ ላይ ትለጥፋችኋለች። ይህችኛዋ ወደ ሞጆ መንገድ ላይ አንድ የጫነ አይሱዙ ለማለፍ ሁለት ጊዜ ማርሽ አስቀንሳናለች።

አካሏ ላይም ብዙ ተለፍቷል። 22ቢ ሰፊ ናት፤ 1,770 ሚሊ ሜትር፣ ከተለመደው የጃፓን ኢምፕሬዛ በ80 ትበልጣለች። እዚህ ደግሞ ባትላሜራው ፓራፋንጎዎቹን በስቱኮ አሰፍቷቸዋል። ጥሩ እጅ አለው፣ አይካድም። ማግኔት ስናስጠጋ ግን የኋላው ፓራፋንጎ ግማሹ ጋ አይዝም። ፖርቶባጋሊዮውን ከፍተን ምንጣፉን ስናነሳ ቀይ ቀለም አገኘን። 22ቢ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ብቻ ነው የተሠራችው። ቀይ ተወልዳ ሰማያዊ የሆነች መኪና ከእነሱ ጋር ዝምድና የላትም።

አንዳንዱ ሰው «ሞተሩን ቀይረን ቱርቦ ብናስገባባትስ?» ይላል። ይቻላል። ግን የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ለቦሎ ስትሄዱ ራስ ምታት ነው። የሱባሩ መለዋወጫ ደግሞ እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይገኝም። ያኔም ቢሆን 22ቢ አትሆንም።

የእውነት ልዩ መኪና ቢመጣላችሁ የምርት ታሪኳን የሚያስረዳ ወረቀት አለ፤ ግን ባለ ፎቶ አይደለም፣ አያምርም። ከጃፓን የወጣች ከሆነች የጃፓን ኤክስፖርት ሰርተፊኬት አላት፤ የሻንሲ ቁጥር፣ መጀመሪያ የተመዘገበችበት ጊዜና ሲሲ ይጻፍበታል። ወደ እኛ ስትገባ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አላት። ከዚያ ሊብሬው አለ። ሦስቱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ኮፈኑ ሥር ከሞተሩ ጀርባ ላሜራው ላይ ከተመታው ጋርም እንዲሁ። ያንን ቁጥር በዓይናችሁ አንብቡ፣ በጣታችሁ ዳስሱት። ማህደሩን ተዉት። ዋጋውንም አስቡት፦ ትክክለኛዋ 22ቢ ውጭ አገር ጨረታ ላይ በመቶ ሺዎች ዶላር የምትሸጥ መኪና ናት። ያላት ሰው አዳማ መጥቶ በሁለት ቪትዝ ዋጋ በደላላ አያዞራትም።

ስለ ቀብዱ። ደላላው «ቀብድ አይመለስም፣ ሕግ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሕጉ ከዚያ ይረዝማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1883 እስከ 1885 ባሉት ቁጥሮች መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ ይመልሳል። ሌላ ቁጥርም አለ፣ 1704፤ ውሉ የተፈጸመው በተንኮል ከሆነ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የሰፈሬ ልጅ የተሰጠው ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ለሰማያዊ ሱባሩ ቀብድ» ብቻ ነው። 22ቢ የለም፣ ቱርቦ የለም፣ የሻንሲ ቁጥር የለም። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተጻፈው። በአፍ የሚነግሯችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ጠይቁ፦ «22ቢ፣ ባለ ቱርቦ፣ የተሠራችበት ዘመን ይህ፣ የሻንሲ ቁጥር ይህ።» እጁ ከተንቀጠቀጠ ሻይ ጠጥታችሁ ተለያዩ።

እኛን ያዳነን የስልክ መልእክቱ ነው። ደላላው ለሰፈሬ ልጅ ፎቶ ሲልክለት «22ቢ፣ ከ424 የመጨረሻዋ» ብሎ ጽፎለት ነበር። ያንን አሳይተን፣ ፖሊስ ጋ እንሄዳለን ስንል ግማሹን መለሰ። ቀሪውን «ለሻጩ ሰጥቼዋለሁ» አለ። ሻጩ የተባለውን ሰው እስካሁን በአካል አላየነውም።

ይህን የምጽፈው ጉዳዩ ስላላለቀ ነው። መኪናዋ አሁን አዳማ የለችም፤ የሽያጭ ፎቶዋ ሀዋሳ በሚል አድራሻ ተለጥፏል። ማህደሩም ታርሟል። ዘመኗ 1998 ተደርጓል፣ ሳፋሪ የሚለው ወጥቶ «በልዩ ትዕዛዝ ለአውሮፓ» ሆኗል። ሀዋሳ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ዋናውን ሊብሬ ጠይቁና ሲሲውን እዩ። ሌላ ቀብድ የከፈለ ካለ ደግሞ መልእክቶቹን እንዳያጠፋ፤ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የሰፈሬ ልጅ አቤቱታውን እያዘጋጀ ነው፤ ብቻውን ከሚገባ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትገቡ ይሻላል።