ለስፌት ማኅበራችን ለደረሰልን የካይዘን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ በተለይም በጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ የተሰማራችሁ ወገኖች፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሳቢያን የሚገኘውን የተማሪ ደንብ ልብስ ስፌት ማኅበራችንን ከመዘጋት ላተረፈልን የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ማለትም ለአነስተኛ ድርጅቶች በሥራ ቦታቸው ተገኝቶ የሙያ ድጋፍ ለሚሰጥ ሰው፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽ ነው። የመጣልንም በካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ በማሻሻል ዘዴ፣ ሊረዳን ነበር። ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አከብራለሁ።

ከእርሱ በፊት ጠቀም ያለ ክፍያ የተቀበለን አማካሪ በካይዘን ሰባቱ ብክነቶች የሚባሉትን፣ እንደ ከንቱ ምልልስና ጥበቃ ያሉትን፣ የሚዘረዝር ወረቀት ግድግዳችን ላይ ለጥፎ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ «ሠራተኛ ቀንሱ» ብሎን ሄደ። እንዲቀነሱ የጠቆመውም ብዙዎቻችንን ስፌት ያስተማሩንን አዛውንት ባልደረባችንን ነበር። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህ ባለሙያ ግን እንደ ገባ በቀጥታ ወደ እርሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ከሥራዎ ሁሉ የሚያደክምዎ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ስፌቱ መች አደከመኝ፤ ክርና ቁልፍ ፍለጋው እንጂ» አሉት። ከዚያ በኋላ ረፋዱን ሙሉ ጥግ ይዞ፣ በዚያ ሙቀትና በሚያማቸው ጉልበት ከስፌት መኪናቸው ወደ ዕቃ ክፍል፣ ከዕቃ ክፍል ወደ ካውያው የተመላለሱበትን መንገድ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመረ። ወረቀቱ የተተበተበ ክር መስሎ ነበር። ማንንም ሳይወቅስ አሳየን፤ ሁላችንም ዝም ብለን አየነው።

መደርደሪያው ወደ መኪናዎቹ ቀረበ፤ ክሩ በቀለም፣ ቁልፉ በመጠን ተለየ። ቆራጩም ሰፊዎቹ በዕለቱ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እንዲቆርጥ ስለተደረገ፣ አንገቱ የተሳሳተ ሸሚዝ ጥቅሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ይታወቃል፤ ገንዘባችንም በተከመረ ጨርቅ ላይ አይታሰርም። የቀረውን ስሌት ለባለሙያው እተዋለሁ። እኔ የማውቀው የነሐሴን ትእዛዝ ሌሊት ሳንሠራ ከመስከረም በፊት ማስረከባችንን፣ አንድም ሰው አለመቀነሱን፣ እማማም ዛሬ ከመኪናቸው ላይ መሆናቸውን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጠው!

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ካይዘን ብዙ ብንሰማም፣ ለብዙዎቻችን የሚለጠፍ ወረቀት ሆኖብን ቆይቷል። በሥራ ቦታችሁ ዕቃ ፍለጋ፣ ተራ ጥበቃና የተበላሸን ሥራ ደግሞ መሥራት ካስቸገራችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዳችሁ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ክፍሉን ጠይቁ። እኛን ሳንቲም አላስከፈሉንም። ባለሙያው ሲመጣም ከኃላፊው አስቀድሞ መኪናው ላይ ከተቀመጠው ሠራተኛ ጋር እንዲነጋገር ፍቀዱለት።