ለመክተፊያና ለማማሰያ፦ ፓራፊን ወይስ የተልባ ዘይት?

ደርቆ የነጣ መክተፊያ ዘይት ይፈልጋል። የትኛውን?

ፋርማሲ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ሽታም ጣዕምም የለውም፤ አይበላሽም። ማታ ቀብተው ያሳድሩታል፣ ጠዋት ትርፉን በጨርቅ ጠርገው ይከትፉበታል። ችግሩ እንጨቱ ውስጥ አይደርቅም፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቀስ በቀስ ታጥቦ ይወጣል። ጠብ ያደረጉት ውሃ ድቡልቡል ብሎ መቆሙን ትቶ ወዲያው ከሰረገ፣ እንደገና መቀባት ነው።

የተልባ ዘይት ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። እጅግ ስስ አድርገው ይቀቡታል፤ ካበዙት ሙጫ ይሆናል። እስኪደርቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ አንድ መክተፊያ ብቻ ላለው ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። የሚበላውን ዓይነት ይግዙ፤ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ቶሎ እንዲደርቅ የብረታ ብረት ውህዶች ሊጨመሩበት ይችላሉ። የቀቡበትን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደው አይጣሉት። በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

እኔ ለመክተፊያ ፓራፊኑን እመርጣለሁ። ለማማሰያ ተልባው ይሻላል፤ የሚፈላ ወጥ ውስጥ ፓራፊን ብዙ አይቆይም። የሱፍ ዘይትማ ይጣበቃል፣ ውሎ አድሮም ይሸታል፤ ለወጡ ይተውት።