የናሳው ወርልድቪው፦ አመዱ የት እንዳለ ያሳያችኋል፣ ስንት ኪሎሜትር ላይ እንዳለ ግን ሌላ ጣጣ ነው

ወርልድቪውን ለማታውቁት፣ ናሳ በነፃ የከፈተው የሳተላይት ካርታ ነው። አካውንት ክፈቱ፣ ኢሜይል አስገቡ ምናምን የለም፣ በብራውዘር ገብታችሁ ከታች ያለውን የቀን መስመር ወደፈለጋችሁት ቀን መጎተት ብቻ ነው፣ ሳተላይቱ ካለፈ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምስሉ እዛው ይገባል። ሌየሩ (ካርታው ላይ የምትደርቡት የመረጃ ዓይነት) ከአንድ ሺህ በላይ ነው፣ እኔ የምጠቀምበት ግን ለአቧራ፣ ለጭስና ለአመድ ስለሆነ የምገመግመውም በዛ በኩል ነው።

መሞከሪያ ከፈለጋችሁ ኅዳር 14 ቀን 2018ን ክፈቱና አፋር ላይ ዙም አድርጉ። ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ቴራ የምትባለው ሳተላይት ቀድማ በጠዋት ስለምታልፍ እሷ ላይ ምንም የለም፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልፉት ሳተላይቶች ላይ ያለው ቪርስ የሚባል ካሜራ ያነሳቸውን ምስሎች ስትከፍቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፔር የሚለውን ነክታችሁ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ግራና ቀኝ መጎተት ትችላላችሁ፣ ይሄ ነገር በጣም አሪፍ ነው እውነት። ከዛ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሌየሩን ጨምራችሁ ቀኑን ወደፊት ስታስኬዱት ጋዙ ቀይ ባህርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ወደ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ ሲሄድ ይታያል። ህንድ ውስጥ በረራ ያሰረዘው አብሮት የሄደው አመድ ነው።

አሁን ችግሩ። ካርታው ጠፍጣፋ ነው። ለፓይለት አመዱ ኦማን ላይ ነው ማለት ግማሽ መልስ ነው፣ እሱ የሚፈልገው ስንት ከፍታ ላይ እንደሆነ ነው፣ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከል ያን ቀን 14 ኪሎሜትር ገደማ ያለው ለዚህ ነው። ከላይ ብቻ አይቶ ከፍታውን መገመት ድፎ ዳቦ ላዩን አይቶ ውስጡ በስሏል እንደማለት ነው። የሰልፈር ሌየሩ ራሱ ከአንድ በላይ ነው፣ አንዱ ጋዙ ዝቅ ብሎ ነው ያለው ብሎ ያሰላል፣ ሌላው ከፍ ብሎ ነው ብሎ፣ የሚያወጡት መጠን ደግሞ በጣም ይለያያል! ዝቅ ብሎ ነው ካልክ ቁጥሩ ይበዛል፣ ከፍ ብሎ ነው ካልክ ያንሳል። ይሄን ሳያነቡ ስክሪንሹት አንስተው ይሄን ያህል ቶን እያሉ የሚለጥፉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ብዙ ሰው የማያየው ጥሩ ነገር የኤሮኔት ሌየር ነው። ኤሮኔት ማለት ናሳ የሚመራው የመሬት ጣቢያዎች መረብ ነው፣ መሳሪያው ፀሐይን እያየ ብርሃኗ በአየር ውስጥ ስንቱ እንደጠፋ ይለካል። ሳተላይት ከላይ ሆኖ እንደ ደናክል ያለ የሚያንፀባርቅ መሬት ላይ ያለን አቧራ ሲገምት ይሳሳታል፣ ከታች ያለው መሳሪያ ግን መሬቱ አያስቸግረውም፣ ስለዚህ የሳተላይቱን ቀለም ከነጥቡ ጋር አስተያይታችሁ ማመን አለማመን የናንተ ነው። ካንፑር ህንድ ያለው ጣቢያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰራል፣ አፍሪካ ላይ ግን ነጥቦቹ የተራራቁ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ የምታስተያዩበት አታገኙም። እሱም ቢሆን ከመሬት እስከ ላይ ያለውን ደምሮ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ንብርብሩን አይለይም። ሀገራችን ውስጥ በከፍታ የሚለይ ልኬት ተሰርቷል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፀሐይ ብርሃን የሚሰራ ኢንፍራሬድ መሳሪያ ተክሎ የኦዞንን ፕሮፋይል (በየከፍታው ያለውን መጠን) ከሳተላይት ጋር አነፃፅሯል፣ ስለሱ የሚያወራ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከፍታን በደንብ የሚቆርጠው ላይዳር ነው፣ ሌዘር ልኮ የሚመለሰውን ይቆጥራል። ኤርትራ ውስጥ ናብሮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሰኔ 2003 (በኛ) ሲፈነዳ ሳይንቲስቶቹ የተከራከሩት በዚሁ በከፍታ ነበር፣ ሰልፈሩ ራሱ በፍንዳታው ኃይል እስትራቶስፌር (ደመናና ዝናብ ካለበት በላይ ያለው የአየር ንብርብር) ገባ ወይስ የእስያው ሞንሱን፣ ማለትም የክረምቱ ነፋስና ዝናብ ነው ወደላይ ያወጣው? የካሊፕሶ ሳተላይት ላይዳር ጠባብ መስመር ቆርጦ ያልፋል፣ ከአውሮፓ እስከ እስያ ያሉ የመሬት ላይዳሮች ደግሞ አንድ ቦታ ቁጭ ብለው ሰዓት በሰዓት ያያሉ፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ካሊፕሶ በ2023 እ.ኤ.አ. ስራ አቁሟል፣ በግንቦት 2016 (በኛ) የመጠቀው ኧርዝኬር ከላይዳር ጋር የደመና ራዳርም ይዟል፣ ዳታውን ግን ከአውሮፓው ስፔስ ኤጀንሲ ሄዳችሁ ነው የምታወርዱት፣ ፋይሎቹ ከባድ ናቸው፣ ፓይተን የማያውቅ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ሌላው ቅር ያለኝ፣ በየ10 ደቂቃው የሚታደሰው ምስል የአሜሪካና የጃፓን ሳተላይቶች ብቻ ነው፣ እኛን የሚያየው ሜቲዮሳት የሚባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት የለበትም። ለኛ በቀን ጥቂት ምስል፣ እሱም ሌሊት ሲሆን ብዙም አይረዳም። ሜቲዮሳትን የሚያንቀሳቅሰው ዩሜትሳት የሚባለው ድርጅት የራሱ ዩሜትቪው የሚባል ገፅ አለው፣ እሱን በሌላ ታብ ከፍታችሁ ከወርልድቪው ጋር ብትጠቀሙ ይሻላል።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። አኒሜሽን ስትሰሩ ሞባይል ዳታ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚበላው፣ ዋይፋይ ላይ ሁኑ።