«የቤተሰብዎን አርማ ፈልገን እንቀርጻለን»፦ ቅርጹን ግዙ፣ ፍለጋው ይቅርባችሁ

ለገጣፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ «የቤተሰብዎን አርማ ፈልገን እንቀርጻለን» የሚል እንጨት ቀራጭ ሱቅ አለ። ወቀሳ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ውጭ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ ጎረቤቶቿ ሳሎን ጋሻ ላይ የተሣለ የቤተሰብ አርማ አይታ «የእኛስ የታለ?» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች፣ ሄድኩላት።

የእጅ ሥራቸው አንደኛ ነው። ዋንዛና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ያማርጣሉ። ዋንዛውን ምረጡ፤ ኤምዲኤፍ ርካሽ ነው ግን እርጥበት ከነካው ያብጣል። ቫርኒሹ አልተዝረከረከም፣ ጠርዙም ልስልስ ያለ ነው። ደግሞ በቀጠሯቸው ቀን አስረከቡኝ፣ አናጺ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን አያምነኝም።

ጉዱ ያለው «ፍለጋው» ላይ ነው። ለብቻው ያስከፍሉበታል። የሱቁ ልጅ የአያቴን ስም ኮምፒውተር ላይ ጻፈና ሁለት አንበሳ ያለበት ጋሻ አወጣ፣ ከሥሩም የላቲን ጽሑፍ። «የእናንተ ይሄ ነው ጋሼ» አለኝ። እንዴት ሆኖ? የአያቴ ስም የአያቴ ብቻ ነው፣ የልጄ መታወቂያ ላይ እንኳ የለም! በዚያ ስም የሚጠራ የማይዛመደን ሰው ደግሞ አገሩን ሞልቶታል።

የነገሩ ባለቤቶች ፈረንጆቹም እንዲህ አያደርጉም። እንግሊዝ አገር አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም፤ የሚወርሱትም የዚያ ሰው ዘሮች ናቸው። ይህን የሚመዘግበው የለንደኑ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ እ.ኤ.አ. በ1484 የተቋቋመ ነው። ስኮትላንድ ውስጥማ የሰው አርማ የራስ አስመስሎ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።

እኛ ጋ መኳንንቱ ማኅተምና የፈረስ ስም ነበራቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ዘር ግን የሚቆጠረው በቃል ነው፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት፣ ድሮ ርስት ለመጠየቅ ደግሞ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ትልቋ አክስቴ ቤት ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሰባቱን አልፋ ቆጠረችልኝ፣ መሀል ላይ ማን ከማን ጋር በመሬት እንደተካሰሰ ጭምር። በነጻ፣ ከነቡናው።

ስሞቹን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አልተከራከረም፣ አንበሶቹን ትቶ የስሞቹን ተራ በዋንዛ ጋሻ ላይ ቀረጸው። የፍለጋውን ብር ግን አልመለሱም። «ሲስተሙ አንዴ ቆርጦታል» አሉኝ፣ የምን ሲስተም እንደሆነ እንጃ።

የምትሄዱ ካላችሁ ስሞቹን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ከመቀረጹ በፊትም ናሙናውን አሳዩኝ በሉ፤ የእኛን «ኃይለ» መጀመሪያ በሃሌታው «ሀ» ጽፈውት ነበር፣ እንጨት ላይ ካረፈ ደግሞ ማስተካከያ የለውም። ፊደሉንም ከኮምፒውተር ከሚያወጡት ይልቅ በእጅ ሥሉልኝ ብትሏቸው ይሠሩላችኋል፣ ትንሽ ይጨምሩባችኋል እንጂ በጣም ያምራል።